የስምንት ደቂቃ ነገር

የታይኮ ብራሄ ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አፍንጫው ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ የዴንማርክ መኳንንት ልጅ በ20 ዓመቱ ሮስቶክ ከተማ ውስጥ ከአንድ ዘመዱ ጋር በጎራዴ ተጋጥሞ አፍንጫው ተጎምዷል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሁሉ ምትክ ለጥፎ ኖሯል። ምትኩ የወርቅ ነው፣ የብር ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2010 መቃብሩ ተከፍቶ አፅሙ ሲመረመር የተገኘው የናስ ዱካ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ አፍንጫውን እንሰናበተው። ሰውየው ሊታወስ የሚገባው በግድግዳው ነው።

መቼም መሠረቱን የማያውቅ የለም፦ በ1543 የታተመው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ፀሐይን መሀል አድርጎ ምድርን ተጓዥ አደረጋት፤ ኬፕለር የፕላኔቶችን መንገድ ቅርጽ አገኘ፤ ጋሊሊዮ በቴሌስኮፕ አየ፤ ኒውተን በ1687 ምክንያቱን ሰጠ። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ታይኮ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቢጠቀስም «ምድር አትንቀሳቀስም» ብሎ የተሳሳተ ሰው ሆኖ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ኬፕለር የሠራበትን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ጠይቀው አያውቁም።

በ1576 የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ ሁለተኛ ቬን የምትባለውን ትንሽ ደሴት ለታይኮ ሰጠው። ዛሬ ደሴቷ የስዊድን ናት። እዚያ ላይ ኡራኒቦርግ የተባለውን ግቢ አሠራ፦ ሰማይ መመልከቻ ሰገነት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የኬሚስትሪ ምድጃ፣ በኋላም ማተሚያና የወረቀት ወፍጮ። የደሴቷ ገበሬዎች በግዳጅ ጉልበታቸውን ሲገብሩ ከርመው አቤት ብለውበታል። አልፈርድባቸውም። ነፋስ መሣሪያዎቹን እያወዛወዘ ሲያስቸግረው ደግሞ ጎን ለጎን ሌላ መመልከቻ ከመሬት በታች አስቆፈረ።

የእኔ ተወዳጅ ግን ከዋናው ሕንፃ ውስጥ በ1582 የተሠራው የግድግዳ ኳድራንት ነው። ልክ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ ግድግዳ ላይ የተቸነከረ፣ ሩብ ክብ የሆነ የናስ ቅስት ነው። ኮከቡ የደቡብን መስመር ሲያቋርጥ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ይለካበታል። በቅስቱ ውስጥ ባዶ የቀረውን ግድግዳ ታይኮ የራሱን ምስል አሥሎበታል፤ ወደ ሰማይ እየጠቆመ፣ ውሻው እግሩ ሥር ተጋድሞ። ራሱን ማሳነስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የቅስቱ ራዲየስ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ሒሳቡን ሥሩት፤ በዚህ ስፋት አንድ ዲግሪ ማለት ቅስቱ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዲግሪው 60 ደቂቃ አለው፤ ይህ የማዕዘን ደቂቃ እንጂ የሰዓት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ደቂቃ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንዲህ ተጠጋግቶ የተቀረጸን መስመር በሻማ ብርሃን ማን ይቆጥራል? ታይኮ ያደረገው ምንድን ነው፣ በየ10 ደቂቃው ክፍል ላይ ነጠብጣቦችን ከቅስቱ የውስጥ ጠርዝ ወደ ውጭው በሰያፍ ደረደረ። ሰያፉ ረጅም ስለሆነ ነጠብጣቦቹ ይራራቃሉ፤ አንዱ ነጥብ አንድ ደቂቃ ነው፤ በሁለት ነጥብ መካከል ያለውንም የሠለጠነ ዓይን እስከ 10 ሰከንድ ድረስ ይገምተዋል። ዘዴውን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ የሚገባውን ቦታ የሰጠው ግን እሱ ነው።

ማነጣጠሪያው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የቀድሞዎቹ በቀዳዳ ነበር የሚያዩት። ቀዳዳው ሲሰፋ ኮከቡ ውስጡ ይዋልላል፣ ሲጠብ ደግሞ በጨለማ ምንም አይታይም። ታይኮ ከፊት ለፊት፣ በግድግዳው ክፍተት ላይ፣ ሲሊንደር ተከለ፤ በዓይን በኩል ሁለት ቀጫጭን ስንጥቅ ያለው ሰሌዳ አደረገ። በስንጥቆቹ መካከል ያለው ርቀት ከሲሊንደሩ ውፍረት ጋር እኩል ነው። ተመልካቹ በአንዱ ስንጥቅ ያያል፣ ቀጥሎ በሌላው። ኮከቡ በሲሊንደሩ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ከደመቀ ልኩ ተገኘ፤ በአንዱ በኩል ከደበዘዘ ሰሌዳው ትንሽ ይንሸራተታል። አንዱ ረዳት ሰዓት ይጠራል፣ ሌላው በመዝገብ ያሰፍራል። ሥራው በየሌሊቱ ይኸው ነው፤ ታይኮም ደሴቷን ለቆ እስከሄደበት እስከ 1597 ድረስ አልተወውም። ከእሱ በፊት 10 ደቂቃ መሳሳት የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። እሱ ግን ወደ አንድና ሁለት ደቂቃ አወረደው፤ ያውም ቴሌስኮፕ የሚባል ነገር ሳይኖር።

ኬፕለር ፕራግ አጠገብ ታይኮን የተቀላቀለው በ1600 ነው። የማርስን ነገር ሲሰጡት በ8 ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎ ተወራረደ። ዓመታት ፈጀበት። ታይኮ መዝገቡን እየቆነጠረ ነበር የሚያሳየው፤ በ1601 ሲሞት ኬፕለር ወራሾቹ ሲዘናጉ መዝገቡን በእጁ እንዳስገባ ራሱ በደብዳቤ አምኗል። ሌብነት ነው? ምናልባት። ወራሾቹ ዘንድ ቢቀር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ ግን ለመፍረድ አልቸኩልም።

ኬፕለር የማርስን መንገድ ክብ ነው ብሎ ጀመረ፤ እንደማንኛውም ሰው። ፀሐይን ከክቡ መሀል ፈቀቅ አደረጋት፣ ፍጥነቱን አስተካከለ፤ ማርስ በፀሐይ ትይዩ የቆመችባቸውን ጊዜያት በ2 ደቂቃ ልዩነት ያዛቸው። በዚያ ዘመን ይህ ድል ነበር። የማርስን ርቀት ጭምር እንዲያስማማ አድርጎ ሲሠራው ግን 8 ደቂቃ አፈነገጠ። ስምንት ደቂቃ የሙሉ ጨረቃ ወርድ ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «መዝገቡ ላይ ያለ ስሕተት ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ኬፕለር ታይኮ 8 ደቂቃ እንደማይሳሳት ያውቃል። የራሱን ሒሳብ ጣለ፤ ክብንም ጣለ፤ በምትኩ ሞላላ መንገድ አገኘ። በ1609 «አዲሱ ሥነ ፈለክ» የተባለ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ ሥነ ፈለክን ሁሉ ለማደስ መንገድ የጠረጉት እነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ብቻ እንደሆኑ ጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ የሚሞቀው ለፀሐይ ስንቀርብ ነው አይደል?» አለኝ። መጽሐፉን ገለጥኩት። የምድር ምህዋር እንደ እንቁላል ተለጥጦ ተሥሏል፣ ፀሐይ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ምን ያድርግ! ይህን ሥዕል ያየ ሁሉ እንዲሁ ይላል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። በዚያ ሰሞን በደጋው የሚያድር ሰው ብርዱን ይንገራችሁ። በሰኔ መጨረሻ በጣም ስትርቅ ደግሞ 152 ሚሊዮን ነው። ወቅትን የሚያመጣው የምድር መዝመም ነው።

አስተማሪዎችም ሠዓሊዎችም ይህን ሞላላ እስኪበቃኝ ለጥጠውታል። ከፕላኔቶች ውስጥ በመዝገቡ ለኬፕለር ሞላላነቷን ያሳየችው ማርስ ናት፤ የእሷን መንገድ በትክክለኛ መጠን ወረቀት ላይ እንሥራው። ርዝመቱን 20 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ወርዱ ስንት ይሆናል? ከ19.9 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በልጦ። ከክብ የሚለየው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያልተቀረጸ እርሳስ መስመር ይውጠዋል። ዓይን የሚይዘው የፀሐይን ቦታ ነው፤ ከመሀል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ትላለች። ኬፕለር ያገኘው ይህችን ቅጥነት ነው። እንቁላል የሚያህል ቢሆን ኖሮ የጥንቶቹም ባላጡት፤ ታይኮ የሚባል ሰውም ባላስፈለገ።

ታይኮ ምድርን አቁሞ መቅረቱን በተመለከተ ሞኝ አልነበረም። ምድር ከተንቀሳቀሰች ከዋክብት በዓመት ውስጥ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለት አለባቸው፤ ፈልጎ አጣው። ልዩነቱን የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ቤሰል በ1838 ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያሳምን መልኩ ሲለካው ከሰከንድ ሲሶ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ከግድግዳው አቅም በእጅጉ በታች ነው። ጋሊሊዮም በ1610 የቬነስን እንደ ጨረቃ መጉደልና መሙላት ሲያይ የወደቀው ሁሉም ምድርን ይዞራል የሚለው የጥንቱ የቶለሚ ሥርዓት ነው። ፕላኔቶቹ ፀሐይን፣ ፀሐይ ደግሞ ምድርን ትዞራለች የሚለው የታይኮ ሥርዓት ያንኑ እይታ ያለችግር ይቀበለዋል። የምድር መንቀሳቀስ በአንድ ሌሊት በቴሌስኮፕ ተረጋገጠ የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

ከታይኮ መዝገብ ኬፕለር ያወጣው የመጨረሻ ፍሬ በ1627 ኡልም ከተማ የታተመው የሩዶልፍ ሰንጠረዥ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1631 ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ አስቀድሞ ያስታወቀው በዚሁ ሰንጠረዥ ተመርቶ ነው፤ ኬፕለር ራሱ ግን ያኔ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። ፓሪስ ላይ የሥነ ፈለክ ተመልካቹ ጋሰንዲ የፀሐይን ምስል በነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ ጠበቀ። ነጥቧ ከጠበቀው እጅግ አንሳበት መጀመሪያ የፀሐይ ጠቃጠቆ መሰለችው፤ ጠቃጠቆ ከሚሄደው ፈጥና ስትሄድ ነው ሜርኩሪ መሆኗን ያወቀው። የቀድሞዎቹ ሰንጠረዦች ቦታዋን በዲግሪዎች ሲስቱት፣ የኬፕለር ግን ከሩብ ዲግሪ ባነሰ ስሕተት ይዞታል።