የአባቴ ምርቃት ስንት ሜጋባይት ነው?

እህቴ የተዳረችው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው፤ አዴት፣ ግቢያችን ውስጥ በተጣለ ዳስ። የሠርጉ ቪዲዮ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይረዝማል። መጨረሻው አካባቢ አባባ ከሽማግሌዎቹ መሀል ብድግ ብለው ሙሽሮቹን ይመርቃሉ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አባባ አረፉ። ድምፃቸው የቀረን እዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው።

ቪዲዮው የነበረው በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው፤ 22 ጊጋባይት። በ2016 ዓ.ም. ዲስኩን ስሰካው «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀመረ። ይህ ድምፅ የምን ምልክት እንደሆነ የገባው ሰው አያንቀላፋም። አንዱን ቅጂ እማዬ ዘንድ አዴት፣ አንዱን እህቴ ዘንድ ፍኖተ ሰላም፣ አንዱን ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ቡሬ ላስቀምጥ ወሰንኩ። «ለምን ኢንተርኔት ላይ አትጭነውም?» ትሉኝ ይሆናል። ያኔ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የቀረን መንገድ ፍላሽ ገዝቶ በሰው እጅ መላክ ነው።

ሙዚቃና ፊልም የሚጭን አንድ ቤት ሄድኩ። ልጁ «ችግር የለም፣ ኮምፕረስ አደርግልሃለሁ» አለኝና ከሰዓታት በኋላ 900 ሜጋባይት የሆነች ቪዲዮ ሰጠኝ። ከ22 ጊጋ ወደ 900 ሜጋ! ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ትልቁን ከዲስኩ ላይ ላጥፋልህ? ቦታ ይዞብሃል» ሲለኝ «እሺ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን «ቆይ» እንዳልኩት ዛሬም አላውቀውም።

ማታ ፍላሹን እማዬ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። ጭፈራው ሲመጣ ሰዉ ሁሉ አራት ማዕዘን የተደረደረ ጡብ መሰለ። አባባ ሲነሱ ፊታቸው ጭጋግ ነው። እማዬ ጠጋ ብላ አየችና «አባትህ ዓይናቸው የት ሄደ?» አለችኝ።

ያን ማታ ነው ነገሩን መማር የጀመርኩት። የቪዲዮ መጠን በዕድል የሚወጣ ቁጥር አይደለም፤ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እንዲህ ነው፦ አንድ ቪዲዮ በየሰከንዱ የሚበላው ዳታ አለ፤ ቢትሬት ይባላል። ቢትሬቱን በቪዲዮው ርዝመት ስታባዙት መጠኑ ይወጣል። መጠኑን በርዝመቱ ስታካፍሉት ደግሞ ቢትሬቱ ይወጣል። በቃ! አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ የፋይል መጠን የሚቆጠረው በባይት፣ ቢትሬት ደግሞ በቢት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው።

እስቲ የልጁን ሥራ እናስላው። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለት 12,000 ሰከንድ ነው። 900 ሜጋባይት በ8 ሲባዛ 7,200 ሜጋቢት። ለ12,000 ስናካፍለው በሰከንድ 0.6 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ኦሪጅናሉ በሰከንድ ወደ 15 ሜጋቢት ነበረው። ከሃያ አምስት እጅ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ጥሎታል። የአባባ ዓይን የሄደው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ሒሳብ አዲስ አይደለም። ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ «ሠርግ ክፍል 1»፣ «ሠርግ ክፍል 2» የተባሉ ቪሲዲዎች ካሉ፣ የተከፋፈሉበት ምክንያት ይኸው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የወጣው የቪሲዲ ደንብ የምስሉን ቢትሬት በ1,150 ኪሎቢት ቆርጦታል። አንዱ ሲዲ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይይዛል፤ የረዘመ ሠርግ ሁለተኛ ሲዲ ይፈልጋል። ዛሬ ቁጥሩን የምንወስነው እኛ ነን። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ካልወሰንነው ሌላ ሰው በግምት ይወስንልናል።

ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ «ኮንስታንት ኳሊቲ» በሚለው ሞከርኩ። በዚህኛው መንገድ የምትመርጡት ጥራቱን ነው፤ መጠኑ ስንት እንደሚሆን ግን ሳያልቅ አይታወቅም። ውጤቱ 6 ጊጋ ሆነ። ምስሉ ግሩም ነው። ፍላሹ 16 ጊጋ፣ ባዶ ነው። ኮፒ ሳደርገው ግን ዊንዶውስ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ መለሰው።

ግራ የሚያጋባ ነው አይደል? ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት ነው። ፋት 32 የፍላሹ ቦታ ምንም ያህል ቢሰፋ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ኤክስፋት» አድርጌ ፎርማት ባደርገው ገደቡ ይነሳል። የእማዬ ቴሌቪዥን ግን ኤክስፋትን አላነበበም። ለሁለት መክፈልም ይቻላል፤ ግን እማዬ በሪሞት ፋይል ስትፈልግ ማየት አልፈለግኩም። ስለዚህ ዒላማዬ ታወቀ፤ አንድ ፋይል፣ ከ4 ጊጋ በታች።

ለጥንቃቄ 3,900 ሜጋባይት ያዝኩ። በ8 ሲባዛ 31,200 ሜጋቢት፤ ለ12,000 ሰከንድ ሲካፈል 2.6 ሜጋቢት፣ ማለትም 2,600 ኪሎቢት። ከዚህ ላይ ለድምፅ 128 ኪሎቢት ቀነስኩ። ጥቂት መጠባበቂያ ትቼ ለምስሉ 2,400 ሰጠሁት። ይህ ቢትሬት ለ1080ፒ፣ በተለይ ጭፈራ ላለበት ቪዲዮ ይጠብበዋል። ስለዚህ ምስሉን ወደ 720ፒ አወረድኩት። ትልቁን ምስል በረሃብ ከማቆየት መጠነኛውን ማጥገብ ይሻላል።

የመጨረሻዋ ቁልፍ «ቱ-ፓስ» ትባላለች። በሠርግ ቤት ወጥ የምታወጣ ጎበዝ ሴት መጀመሪያ ዳሱን ዞር ብላ ታያለች፤ የት ብዙ ሰው እንዳለ፣ የት እንደሳሳ። ከዚያ ነው ጭልፋዋን የምታነሳው፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ባዶ እንጀራ እንዳይቀርበው። ቱ-ፓስም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ያየዋል። በመጀመሪያው ዙር ይመዘግባል፤ እስክስታው ብዙ ዳታ ይፈልጋል፣ ተቀምጠው የሚያወሩት ሽማግሌዎች ትንሽ ይበቃቸዋል። በሁለተኛው ዙር ባለው ልክ ያከፋፍላል። አማካዩ ከሰጣችሁት ቁጥር ጋር ስለሚቀራረብ መጠኑም ዒላማው ላይ ያርፋል። ጊዜ ይፈጃል፤ የእኔው ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ ተኛሁ።

ጠዋት ፋይሉ 3.8 ጊጋ ገደማ ሆኖ ጠበቀኝ። ፍላሹ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ተቀበለው።

ላፕቶፕ የለኝም ለምትሉ፣ ስልካችሁም ይህን ያደርጋል። ቪዲዮ የሚያሳንሱ አንዳንድ አፖች የምትፈልጉትን መጠን ወይም ቢትሬት እንድትጽፉ ይፈቅዳሉ። ከመጫናችሁ በፊት ካልኩሌተር ክፈቱና አካፍሉ። ለ720ፒ የደረሰው በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት በታች ከሆነ ወይ ምስሉን የባሰ አሳንሱት፣ ወይ ቪዲዮውን ክፈሉት። ረጅም ቪዲዮ ከሆነ ሁሉንም ከመለወጣችሁ በፊት ጭፈራ ያለበትን አንድ ደቂቃ ቆርጣችሁ ሞክሩ። በአዲሱ ኤች 265 ብትለውጡት በግማሽ ያህል ቢትሬት ተቀራራቢ ጥራት ታገኛላችሁ፤ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ግን አያነቡትም። እኔ ለእማዬ ስል ኤች 264 ላይ ቆየሁ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከላካችሁት መልሶ ሊጨምቀው ይችላል። በነፃው ቴሌግራም የአንድ ፋይል ገደብ 2 ጊጋ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ የምታሰሉት ሌላ ቁጥር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ኦሪጅናሉን አታጥፉ። ከ22 ጊጋ 3.8 ጊጋ ይወጣል፤ ከ3.8 ጊጋ ግን ያ 22 ጊጋ አይመለስም። እኔም ኦሪጅናሉን ወደ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገልብጬዋለሁ። የፍላሾቹ ቅጂ ለማየት ነው፤ ያኛው ለልጅ ልጅ ነው።

ፍላሹን እማዬ ጋ ስሰካው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ጭፈራው አለፈ፤ አባባ ተነሱ። ዓይናቸው ነበረ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነችና ምርቃቱ እስኪያልቅ «አሜን፣ አሜን» ትል ነበር፤ ልክ ያን ዕለት በዳሱ ውስጥ እንዳለችው።

በኋላ ያንን አራት ደቂቃ ብቻውን አሰላሁት። ምስልና ድምፁ በአማካይ 76 ሜጋባይት ይሆናል። ድምፁ ብቻ ከ4 ሜጋባይት ያንሳል። በስልክ ከምናነሳቸው አንዳንድ ፎቶዎች አይበልጥም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ድምፁን ለብቻው ቆርጬ ለእህቴና ለወንድሜ በቴሌግራም ላክሁት። ደካማ ኔትወርክ ላይ እንኳ ሄደላቸው።

እናንተም ዛሬ ማታ የቤታችሁን የሠርግ ቪዲዮ ፈልጉ። የት እንዳለ፣ ስንት ቅጂ እንዳለው እዩ። ቅጂው አንድ ብቻ ከሆነ ካልኩሌተራችሁን አውጡ።