የፈረንሳይ ጽንፈኛ ቀኝና ዣን ማሪ ለፔን

በኢትዮጵያ የጌታችን ልደት ሲከበር በዋለበት በታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 7 ቀን 2025፣ ከፓሪስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በጋርሽ ከተማ፣ ስማቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈረንሳውያንን ሲያከራክር የኖረው ዣን ማሪ ለፔን በ96 ዓመታቸው ሞቱ። ልጃቸው ማሪን ለፔን በዐውሎ ነፋስ የተጎዳችውን የማዮትን ደሴት ጎብኝተው ሲመለሱ መርዶው የደረሳቸው በእኛው ጎረቤት፣ አውሮፕላናቸው ለጊዜው ባረፈበት በናይሮቢ ነበር። በዚያው ምሽት በፓሪስ በሬፑብሊክ አደባባይ፣ እንዲሁም በሊዮንና በማርሴይ፣ ሰዎች አደባባይ ወጥተው ርችት እየተኮሱ ሲጨፍሩ አመሹ፤ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ብሩኖ ሬታዮም ድርጊቱ አሳፋሪ ነው ሲሉ አወገዙት። በሬሳ ፊት እልል ማለት ነውር መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ነገር ግን ያንን ምሽት ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ሟቹ በሕይወት ሳሉ የሌሎችን ሙታን እንዴት አድርገው ይቆጥሩ እንደ ነበረ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

ከአባትየው ሞት ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በማርች 31 ቀን 2025፣ የፓሪስ ፍርድ ቤት ለአውሮፓ ፓርላማ ረዳቶች ደመወዝ የተመደበውን ገንዘብ ለፓርቲ ሥራ በማዋል ማሪን ለፔንን ጥፋተኛ ብሎ፣ ግማሹ በገደብ የሆነ የአራት ዓመት እስራት፣ 100,000 ዩሮ መቀጫና ለአምስት ዓመት ለምርጫ እንዳይቀርቡ የሚከለክል ቅጣት ፈረደባቸው፤ እርሳቸውም ይግባኝ ጠየቁ። አባትየውም በዚሁ ክስ ከተከሳሾቹ አንዱ ነበሩ፤ ሆኖም በ2024 ጤናቸው ለችሎት የማይበቃ ሆኖ በመገኘቱ ጉዳያቸው ተለይቶ ቀረ። በ1974 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ከመቶ 0.75 ብቻ ያገኙት ሰው ያቋቋሙት ፓርቲ፣ በ2024 የምክር ቤት ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ከአጋሮቹ ጋር ከሦስት መራጮች የአንዱን ያህል ድምፅ ሰብስቦ ነበርና፣ ዛሬ የለፔንን ዜና ሕይወት የሚመረምር ሰው ያለፈውን ብቻ ይመረምራል ማለት አይቻልም።

ልደታቸው በ1928 በብርታኝ ባሕር ዳርቻ፣ ላ ትሪኒቴ ሱር ሜር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ዓሣ አጥማጅ የነበሩት አባታቸው በ1942 ጀልባቸው የባሕር ፈንጂ ነክቶ ስለ ሞቱ፣ ልጁ መንግሥት የሚያሳድገው የጦርነት ሙት ልጅ ሆኖ ተመዘገበ። በፓሪስ ሕግ ተምረው፣ በውጭ ዜጎች ሌጌዎን ጃንጥላ ወራሪ ጦር ገብተው፣ ዲየን ቢየን ፉ ከወደቀ በኋላ ኢንዶቺና ደረሱ፤ በ1956ም ግብር የመረራቸውን ትንንሽ ነጋዴዎች ባሰባሰበው በፒየር ፑዣድ እንቅስቃሴ አማካይነት በ27 ዓመታቸው የምክር ቤት አባል ሆኑ። ወንበራቸውን በ1962 ካጡ በኋላ ያሳለፏቸው ዐሥር ዓመታት ብዙ የሚያስቆሙ አይደሉም።

የሚያስቆመው የ1972 ነው። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ብሔራዊ ግንባር የተባለው ፓርቲ ሲቋቋም፣ የመጀመሪያ ገንዘብ ያዡ ፒየር ቡስኬ በሂትለር ዋፈን ኤስ ኤስ ውስጥ በሻርለማኝ ክፍለ ጦር ያገለገለ ሰው ነበር። ባለ ሦስት ቀለሙ የነበልባል ዓርማም የተቀዳው፣ የሙሶሊኒ ተከታዮች ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ካቋቋሙት ከኢጣሊያ ማኅበራዊ ንቅናቄ ነው፤ የዚያ ንቅናቄ የክብር ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1953 የተሰየመው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህንን የዓርማ ጉዳይ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ የካቲት 12ን የሚያስብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ሊያልፈው አይችልም። ለፔን ራሳቸው ፋሽስት ነበሩ ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም፤ ነገር ግን ከእነማን ጋር ለመቀመጥና የማንን እሳት ለመቀበል ያልተጸየፉ ሰው እንደ ነበሩ ከበቂ በላይ ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ የአልጀርስ ጉዳይ ነው። ለፔን በ1957 ከምክር ቤት ሥራቸው ለጊዜው ተለይተው በመቶ አለቅነት አልጀርስ ዘመቱ፤ ያ ወቅት የጄኔራል ማሱ ጃንጥላ ወራሪዎች የአልጄሪያን የነጻነት ታጋዮች ለመያዝ ሰውን በኤሌክትሪክና በውኃ የሚያሠቃዩበት ጊዜ ነበር። በ1962 ኮምባ ለተባለው ጋዜጣ፣ የሚደብቁት ነገር እንደሌለና ያሠቃዩትም አስፈላጊ ስለ ነበረ መሆኑን ተናገሩ፤ ወዲያው ግን አስተባበሉ፤ ከዚያም በኋላ ነገሩን ያነሣባቸውን ሁሉ በስም ማጥፋት ሲከሱ ኖሩ። ከጦርነቱ በኋላ የወጡት የምሕረት ዐዋጆች በአልጄሪያ ለተፈጸመው ግፍ ማንም እንዳይከሰስ ስለ ደነገጉ፣ እውነቱ ወደ ችሎት የገባው በተበዳዮቹ አቤቱታ ሳይሆን በተጠርጣሪው ክስ ነበር።

ለ ሞንድ ጋዜጣ በ2002 የአልጀርስ ሰዎችን ምስክርነት ባወጣ ጊዜ ለፔን እንደ ልማዳቸው ከሰሱ። በ2003 ክሱ ሲሰማ በጠበቆች ክርክር መካከል አንድ ጩቤ ቀረበ፤ ይህም በጀርመን አገር በዞሊንገን የተሠራ፣ የሂትለር ወጣቶች ይታጠቁት የነበረው ዓይነት ሆኖ፣ በማስገቢያው ላይ የለፔን ስምና የጃንጥላ ወራሪው ሬጅመንታቸው ምልክት ተጽፎበታል። በማርች 1957 አንድ ሌሊት ወታደሮች በአሮጌው የአልጀርስ ሰፈር በካዝባ ወደሚገኝ ቤት ገብተው የቤቱን ጌታ በቤተ ሰቡ ፊት ካሠቃዩና ከገደሉ በኋላ፣ ገና ልጅ የነበረው የሟቹ ልጅ ጩቤውን ኮሪደር ላይ አገኘው፤ ቤተ ሰቡም በየጊዜው ከመጣው ፍተሻ ሰውሮ ከአርባ ዓመት በላይ አቆየው። ለፔን ጩቤው የእኔ አይደለም አሉ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጋዜጣውን ነጻ አወጣ፤ የበላይ ፍርድ ቤቶችም ውሳኔውን አጸኑት። የዐዋጅ ምሕረት በዳዩን ከቅጣት ያድነው ይሆናል እንጂ የሟቹን ቤት ከመመስከር ሊከለክለው እንዳልቻለ ይህ ታሪክ ያሳያል፤ ስለ ለፔን የሚጻፉ ዳሰሳዎች የምርጫ ቁጥሮችን ሲያበዙ ይህንን ማሳጠራቸውም አግባብ አይመስለኝም።

ወደ ሰፊው አደባባይ ያወጧቸው የ1980ዎቹ ዓመታት ናቸው። በሰሜን የከሰል ማውጫዎችና የብረት ፋብሪካዎች ተራ በተራ ሲዘጉ፣ ግራው ክፍል ለሥራ ፈቱ የሚሰጠው መልስ ሲያጥረው፣ ለፔን የሥራ አጡ ቁጥርና የስደተኛው ቁጥር እኩል ነው የሚል ቀላል ስሌት ይዘው ቀረቡ። የሠራተኛው መከራ እውነተኛ ነበር፤ ስሌቱ ግን ሐሰት ነበር። በ1983 በድሩ ከተማ ምርጫ ነባሩ ቀኝ ክፍል ከብሔራዊ ግንባር ጋር በአንድ ዝርዝር ገብቶ ከተማይቱን ያዘ፤ በማግስቱ ዓመት ፓርቲው በአውሮፓ ምርጫ ከመቶ 11 የሚጠጋ ድምፅ አገኘ፤ በ1986ም ፕሬዚዳንት ሚተራን የምርጫውን ሕግ ወደ ተመጣጣኝ ውክልና በመለወጣቸው 35 የፓርቲው እንደራሴዎች ምክር ቤት ገቡ። ጥፋቱን ሁሉ በሚተራን ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ በሩን በድሩ አስቀድመው የከፈቱት ግን ሌሎች እንደ ሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሴፕቴምበር 1987 በራዲዮ ቀርበው፣ ናዚዎች አይሁድን በጋዝ የፈጁባቸው ክፍሎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ውስጥ ዝርዝር ነጥብ ብቻ ናቸው ሲሉ ተናገሩ። ይህ ያመለጠ ንግግር አልነበረም፤ አንደበተ ርቱዕ የነበሩት ሰው በ1997 በሙኒክ፣ በ2015ም በፓሪስ ደግመውታል፤ በፈረንሳይና በጀርመን ፍርድ ቤቶችም ተቀጥተውበታል። ከስድስት ሚሊዮን ሙታን ፊት ቆሞ እንዲህ የሚናገር ሰው፣ ስለ ካዝባው ሟች ቢጠየቅ ምን ሊመልስ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ስለ ኢኮኖሚ ፕሮግራማቸው ብዙ የሚባል የለም፤ በ1980ዎቹ ግብር ይቀነስ ሲሉ ቆይተው በኋላ የሠራተኛው ጠበቃ ሆነዋል። በ1998 ምክትላቸው የነበሩት ብሩኖ ሜግሬ ፓርቲውን ከፍለው ሲወጡ ሁሉም አበቃላቸው ብሎ ነበር። ነገር ግን በኤፕሪል 21 ቀን 2002፣ ግራው ክፍል በብዙ እጩዎች ተከፋፍሎ ሳለ፣ ለፔን ከመቶ 16.86 አግኝተው ጠቅላይ ሚኒስትር ዮስፓንን በ200,000 በማይሞላ ድምፅ ቀድመው ሁለተኛው ዙር ገቡ። ሜይ 1 ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፤ ዣክ ሺራክም ከመቶ 82.21 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ሺራክ ግን ያንን ሁሉ የግራ ድምፅ ከተቀበሉ በኋላ በራሳቸው ወገን ብቻ ገዙ፤ ይህ ቅሬታ ከዚያ በኋላ በመጡት ምርጫዎች ሁሉ ውስጥ ይሰማል።

በ2011 የፓርቲውን መንበር የወረሱት ማሪን ለፔን የቤቱን ስም ከነውር ለማንጻት ብዙ ደከሙ፤ አባታቸው የ1987ቱን ቃል በ2015 በደገሙ ጊዜም ፓርቲው በኦገስት ወር አባረራቸው፤ በ2018ም ስሙን ብሔራዊ ስብስብ ብሎ ለወጠ። ነበልባሉ ግን ከዓርማው ላይ አልተነሣም። ፓርቲውን ዛሬ የሚመሩት ዦርዳን ባርዴላ በሐዘን መግለጫቸው፣ ለፔን በኢንዶቺናና በአልጄሪያ በፈረንሳይ የጦር ልብስ ያገለገሉ፣ የአገራቸውን ማንነትና ሉዓላዊነት የተከላከሉ ሰው ናቸው ሲሉ ጻፉ፤ ማሪን ለፔንም አባታቸውን ያባረሩበትን ውሳኔ ለራሳቸው ፈጽሞ ይቅር እንደማይሉ ለጋዜጣ ተናገሩ። የልጅ ኀዘን ሊከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን የፓርቲ መሪ የአልጄሪያን ዘመቻ እንደ ማዕረግ ሲቆጥር፣ ስለ አልጀርሱ ማሠቃየት ግን አንድ ቃል እንኳ ሳይተነፍስ ሲቀር፣ ቤቱ ተለውጧል የሚለውን ስብከት እኔ ለመቀበል አልችልም።