በደን መንገድ ዳር ስለሚቆም የማስተማሪያ ሰሌዳ

ደን የሚጠበቀው በዘበኛ ብቻ አይደለም፤ የደኑን ጥቅም በሚያውቅ ሕዝብ ጭምር ነው እንጂ። ዘበኛ ሌሊት ይተኛል፤ ወደ ሌላም ወገን ይሄዳል፤ ዕውቀት ግን ከሰው ልብ አይለይም። ስለዚህ በደን ውስጥ በሚያልፈው የእግር መንገድ ዳር ዛፉንና አውሬውን የሚያስታውቅ ሰሌዳ ማቆም ለየወረዳው ሹምና ለየባለይዞታው የተገባ ሥራ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ለምሳሌ የመናገሻ ሱባን ደን እንመልከት። ይህ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጐን ላይ ይገኛል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ. ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥድና ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ እስከ ዛሬ አሉበት። ነገር ግን ይህን ሳያውቅ የሚያልፍ መንገደኛ ጥዱን እንደ ማገዶ ብቻ ያየዋል፤ ማገዶ የመሰለውንም ዛፍ ለመቁረጥ እጁ አይራራም።

ሰሌዳው «መቁረጥ ክልክል ነው» ብቻ የሚል ቢሆን ሰውን ያስፈራል እንጂ አያስተምርም። ምክንያቱን ሊናገር ይገባዋል። በጥድ አጠገብ፦ «የዚህን ዛፍ ፍሬ ወፍ በልቶ ዘሩን ይበትነዋል፤ ወፉ ከጠፋ ዘሪው ጠፋ»፤ በኮሶ አጠገብ፦ «የኮሶ ወንዴና ሴቴ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢቀር ዘር አይገኝም»፤ በምንጭ ራስ፦ «የዝናሙን ውሃ አዘግይቶ ወደ መሬት የሚያሰርገው የዛፍ ሥርና የወደቀ ቅጠል ነው፤ ደኑ ቢመነጠር አፈሩ በጐርፍ ይሄዳል፤ ምንጩም ይጐድላል» ተብሎ ቢጻፍ አላፊው ሁሉ ያስተውላል።

ስለ አሠራሩም የሚከተለው ይጠበቅ፤

1ኛ፤ ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ አንባቢው ሸክም ይዞ የቆመ ሊሆን ይችላልና።

2ኛ፤ በአገሩ ሰው ቋንቋ ይጻፍ፤ በመናገሻ በኦሮምኛና በአማርኛ መሆን ይገባዋል። ማንበብ ለማይችለውም ሥዕል ይጨመርበት።

3ኛ፤ በቆመ ዛፍ ላይ በምስማር አይመታ፤ ቁስሉ ተባይና በሽታ ያስገባል። ለብቻው በተተከለ ምሰሶ ላይ ይሁን።

4ኛ፤ ነገሩ ከመንገዱ ላይ ሆኖ በሚታይበት ሥፍራ ይቁም፤ ሰው ለማየት ሲል መንገድ ለቆ ቡቃያ እንዳይረግጥ።

5ኛ፤ ከመጻፉ በፊት የአገሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ። የዛፉን ስምና ጥቅም ያውቃሉ፤ ቃላቸው የተጻፈበትን ሰሌዳም ራሳቸው ይጠብቁታል።

6ኛ፤ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይታይ፤ ፊደሉ የጠፋ ሰሌዳ የሹሙን ቸልታ ያስታውቃል።

ይሁን እንጂ ሰሌዳ ብቻውን ድስት አያፈላም። ማገዶ ሸጣ ልጆቿን የምትመግብ ሴት ጽሑፉን ብታነብም እንኳ ሌላ እንጨት ካላገኘች መቁረጧን አትተውም። ስለዚህ ሰሌዳውን የሚያቆም ሹም ከደኑ ውጭ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ እንዲተከል አስቀድሞ ያስብ። ችግሩን ሳያቃልሉ ማስተማር ለሰሚው ተግሣጽ ብቻ ይሆንበታል፤ ሁለቱ በአንድነት ሲሠሩ ግን ደኑ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።