ቁልፉ 4 ይላል፤ እሱ 15 ያወጣል!

ጭራሽ የሞተ ፓወር ሰፕላይ ማንንም አይጎዳም። አይበራማ! ጉድ የሚሠራው ግማሹ ሞቶ ግማሹ የሚሠራው ነው። መብራቷ ቦግ ትላለች፤ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ የሰው ንብረት ታገናኙበታላችሁ።

ይህን ያለ ነገር አላነሳሁትም። ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሲሬ አንድ ወጣት ያጫወተኝ ነው። ስሙን እንተወው። ከትምህርት መልስ ሬዲዮና ሞባይል እየፈታ የሚገጥም ልጅ ነው። ፓወር ሰፕላዩንም ከአሮጌ ቴፕ ትራንስፎርመር ራሱ ነው የሠራው። የአንድ ጎረቤቱን አዛውንት ስልክ ሊሞክር ባትሪውን አውጥቶ፣ ቁልፉን 4 ላይ አድርጎ ሽቦውን አገናኘ። ስልኩ ጨሰ! «አባባን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብሎ ሁለት ቀን ተደበቀ።

እኔ ግን እንዲህ አልኩት፦ «ሳይጠይቁህ ቀድመህ ሂድና እውነቱን ንገራቸው። ዋጋውን ቀስ እያልክ ትከፍላለህ። በትንሽ ከተማ ስም ከጠፋ ግን በምን ይገዛል?»

ለመሆኑ ዕቃው ምን ሆኖ ነው? የግድግዳው 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ወደ 12 ይወርዳል። ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስኬዱታል፤ ካፓሲተሩ ሲያረጋጋው ቮልቴጁ ወደ 15 ገደማ ከፍ ይላል። ይህን 4 ላይ የሚይዘው ትራንዚስተር ወይም እንደ ኤልኤም317 ያለ ሬጉሌተር ነው። ይህ ዘበኛ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ በሩን ዘግቶ አይሞትም፤ ከፍቶት ነው የሚሞተው! 15ቱ ሳይቀነስ ይለቀቃል። የማስተካከያው ቁልፍ ውስጡ አልቆ መንካት ሲያቆምም ያው ሊደርስ ይችላል። የሞባይል ባትሪ ደግሞ ሞልቶም 4.2 ቮልት ገደማ ነው። እና ስልኩ እንዴት ይቻለው?

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ የቁልፉን ጽሑፍ አትመኑ። የሰው ዕቃ ከማገናኘታችሁ በፊት ሁልጊዜ በመልቲሜትር ለኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንደገና!

ሁለተኛ፣ ባዶውን ሲለካ ደህና የሚመስል፣ ሥራ ሲሰጡት ግን ቮልቴጁ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሬዲዮም ሲያገናኙበት «እምም» የሚያሰኝ ከሆነ፣ ካፓሲተሩ ደርቋል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሦስተኛ፣ ከሶኬት ሳትነቅሉ ክዳኑን እንዳትነኩ! የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ለዚህ ሥራ የምትጠቀሙማ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት ይይዛል፤ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። ሙያውን በደንብ ያልያዘ ባይከፍተው ይመረጣል።

የተቃጠለ ስልክ በብር ይተካል። በ310 ቮልት የሚሄድ ልጅ ግን በምን ይተካል? አንድ ደቂቃ ወስዶ መለካት ከሁሉም ይረክሳል!