ቆዳዬ የማያሳብቀው አልቢኒዝም

አጋሮ ከተማ ውስጥ ከመንገድ ማዶ እጁን ያነሳልኝን ሰው ድምፁን ካላሰማኝ አላውቀውም። «ኮራብን» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ጠይም ነኝ፣ ጸጉሬም ጥቁር ነው፤ «አልቢኒዝም አለብኝ» ስል የሚያምነኝ የለም። ሰው የሚያውቀው ቆዳውም ጸጉሩም የነጣውን ነው። የእኔ ዓይነቱ ዓይን ላይ ብቻ ይቀራል።

ሜላኒን የሚባለው ቀለም ቆዳ ከማጥቆር ሌላም ሥራ አለው፤ ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ ዓይን በወጉ እንዲሠራ ያግዛል። እዚያ ሲጓደል፣ ጥቃቅኑን አጥርቶ የሚያየው የሬቲና መሃል ሳይጎለብት ይቀራል፤ ወደ አንጎል ከሚሄዱት የዓይን ነርቮችም ከፊሎቹ አቅጣጫቸውን ይስታሉ። መነጽር ቢረዳኝም ጨርሶ የማያስተካክለው ለዚህ ነው። ዓይኖቼ ከጨቅላነቴ ጀምሮ ወዲያ ወዲህ ይርገበገባሉ፤ የማየው ነገር ግን ሲንቀጠቀጥ አይታየኝም። አንገቴን ወደ ግራ ሳዞር ረገብ ስለሚሉልኝ የማነበው በጎን ነው። ተማሪ ሳለሁ በዚህ አንገቴ ብዙ ኩርኩም ቀምሻለሁ፤ መምህሩ ከጎኔ ካለው ልጅ የምኮርጅ ይመስለው ነበር።

ቡና ለቀማ ላይ ግን አልታማም። ቀለም መለየት አልተነካብኝም፤ ቅርንጫፉን ፊቴ ላይ አስጠግቼ ቀዩን ከአረንጓዴው እለያለሁ። ኃይለኛ ብርሃን ዓይኔን ይወጋዋል፤ ደግነቱ የእኛ አገር ቡና የሚበቅለው በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ነው። መከራዬ ማድረቂያ አልጋው ዘንድ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ሲያርፍበት ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼም እንባዬ ይወርዳል።

እናቴ «ዓይን በልቶት ነው» ብላ ጠበል ለጠበል ይዛኝ ዞራለች። ወንድሟም እንደኔ ነበር፤ ኋላ የእህቴ ልጅ ተደገመ። ሦስታችንም ወንዶች፣ ሁላችንም በሴቶቹ በኩል! ጅማ ላይ የመረመረኝ የዓይን ሐኪም ይህን ስነግረው «እናትህን አምጣቸው» አለኝ። የእሷ እይታ ደህና ነው፤ የዓይኗ ጀርባ ግን ጭቃ እንደተረጨበት ግድግዳ ዥጉርጉር ነበር። ራሳቸው ሳይታመሙ ለልጆቻቸው የሚያወርሱ የብዙ ተሸካሚ እናቶች ምልክት ይኸው ነው።

ሲበላሽ የእኛን ዓይነት አልቢኒዝም የሚያመጣው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታወቀው ጂፒአር143 የተባለ ዘረ መል የሚገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ተሸካሚ እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እኔ ወንድ ብወልድ ከእኔ አይወርስም፤ ሴቶች ልጆቼ ግን ሁሉም ተሸካሚ ናቸው። ይህን የሰማች ዕለት እናቴ አለቀሰች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፤ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላሳመንኳትም።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 6 ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ቀን ይከበራል። ወሬው ሁሉ የፀሐይ ቅባት ነው፤ የቆዳ ካንሰር ላሰጋቸው ተገቢ ነው። እኛ ግን እዚያ መሃል አንታይም።

የእኛ ዓይነቱ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ እያደር የሚብስም አይደለም። የእህቴን ልጅ ከሰሌዳው ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ እንዲቀመጥ አድርገናል። ፈተናውን በትልቅ ፊደል ያባዙለታል፣ እኔ የባጃጅ ታሪፍ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ እንደማነበው እሱም ሰሌዳውን እንዲያነብ ስልክ ተፈቅዶለታል። አሁን የምንጨቃጨቀው በኳስ ነው፤ በረኛ ካልሆንኩ ብሏል።