ፎቶግራፍን ስለ ማቀናበርና ስለ ጥላ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ከመካኒሳ እስከ ጀሞና ለቡ ባሉት የፎቶግራፍና የኅትመት ቤቶች፥ ደንበኛ ይዞት ከሚመጣው ሥራ አንዱ ለየብቻ የተነሡ ሰዎችን በአንድ ሥዕል ላይ አብሮ ማቆም ነው። አንዳንዴ በውጭ አገር ያለ ወንድም ይሆናል፤ አንዳንዴም የሞተ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና ለተማሪው የሚከብደው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ጀማሪ ሁሉ ችግሩ መቁረጡ ላይ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም በ1990 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተለጠፈው ቁራጭ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ከሥሩ ካለው ምስል ጋራ ይዋሐድ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ሌየር፥ ማለት እንደ መስተዋት የሚደራረብ ገጽ፥ ከመጣ ወዲህ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ማንቀሳቀስና ማረም ተቻለ። ማስክ የሚባለውም የማይፈለገውን ክፍል ሳያጠፋ ይሸፍናል፤ ነጭ ሲቀቡት ያሳያል፥ ጥቁር ሲቀቡት ይደብቃል። ያለ ዋጋ የሚገኘው ጂምፕም ይህንኑ ይሠራል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። ቶሎ የማይለመደው ብርሃኑ ነው።

እኔ በላፍቶ አካባቢ በአንድ ፎቶ ቤት ስለማመድ አንዲት እናት የልጃቸውን የምረቃ ፎቶግራፍና የሟች ባላቸውን አሮጌ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። አባትየውን ቆርጬ ከልጃቸው አጠገብ አቆምኋቸው፤ ሥራው ያማረ መሰለኝ። እናትየዋ ጥቂት አይተው፥ «ልጄ፥ መሬት አልረገጠም» አሉኝ። እውነትም ከጫማቸው ሥር ጥላ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ፀሓይ የልጅቱን ፊት ከግራ፥ የአባትየውን ከቀኝ ትመታ ነበር። ምስላቸውን ገልብጬ ባመጣው፥ «ሰዓቱን በቀኝ እጁ አስሮ አያውቅም» አሉ። ስለዚህ ገልብጦ ማምለጥ አልተቻለም፤ የፊታቸውን አንዱን ወገን ቀስ በቀስ ማብራት፥ ሌላውን ማጥቆር ግድ ሆነ። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በጨለማ ክፍል ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ከማጉያው መብራት በታች በእጃቸው እየጋረዱ ያደርጉት ነበር።

ጥላን ግን በግምት መሣል አያዋጣም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስላለች የቀትር ጥላ በዓመት ውስጥ አቅጣጫውን ይለውጣል። በታኅሣሥ አጋማሽ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን 1 ሜትር ያህል ይወድቃል፤ በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ ዞሮ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። የታኅሣሥ ሰው ከሰኔ ሰው አጠገብ ሲቆም ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዐይኑ ይጠረጥራል። (በአውሮፓ የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው፤ ከዚያ የመጣ ትምህርት በዚህ ረገድ አይበቃንም።)

ጥላን ጠብቆ በመሥራት ግርማ በርታ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ የሚያልፉ ሰዎችን በእጅ ስልክ አንሥቶ፥ ከአካባቢያቸው ቆርጦ፥ ከነጥላቸው በደማቅ ቀለም ላይ ያኖራቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ ካገኙት አንዱ ነበር። መቁረጡ በግልጥ ስለሚታይ ግን ማንንም አያታልልም።

የልጅ ኢያሱ ነገር ሌላ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት እስልምናን ተቀብለዋል ተብለው ሲሆን፥ ከክሱ ጋራ ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይነሣል። ተቀናብሮ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በኋላም አልተቋጨም።

ይህን እያሰብሁ፥ ከፎቶግራፉ ጀርባ ከሁለት ሥዕል የተሠራ መሆኑን ልጻፍበት ወይ ብዬ እናትየዋን ጠየቅኋቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ግድግዳው ላይ አይተው አያታቸው በምረቃው ቀን የነበሩ ሊመስላቸው ይችላልና። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ጻፈው፤ ስሙንም ጻፍ» አሉ። ጻፍሁ፤ ሁለቱንም ዋና ፎቶግራፎች በአንድ ፖስታ አድርጌ መለስሁላቸው።