ተጨማሪ መረጃ፦ የካርቡሬተር ጉሮሮ ሲሰፋ

አየርም ሆነ ፈሳሽ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ እንደሚጨምር፣ ግፊቱ ግን እንደሚቀንስ ተምራችኋል። ካርቡሬተር በዚህ ሕግ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል የሞተር ክፍል ነው። ጠባቡ ጉሮሮው በጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ በጆቫኒ ቬንቹሪ ስም «ቬንቹሪ» ይባላል። እዚያ ግፊቱ ሲወርድ ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል።

በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዙ ሞተር ሳይክል ትራያምፍ ቦንቪል ሁለት ካርቡሬተሮች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ጉሮሮ ዲያሜትር 27 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ሲያረጅ «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ባለ 30 የሚመኝ ባለቤት አይጠፋም። እስኪ አስሉት! የሚያልፈው አየር እኩል ከሆነ የጉሮሮው ስፋት በ23 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። የግፊቱ መውረድ የፍጥነቱን ካሬ ስለሚከተል ሲሶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ ነዳጅ መስጫው በሙሉ ሲከፈት ቤንዚኑ በደንብ አይሳብም፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ትልቁ የሚጠቅመው በከፍተኛ ዙር ለሚጋልብ ነው፣ ያውም ሞተሩ ያን ያህል አየር መሳብ ከቻለ።

ከፍታም አለ። የአዲስ አበባ አየር በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለለንደን የተለካ የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ነዳጅ ያበዛል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላም ጥላሸት ይለብሳል።

ሞክሩት፦ አጭር ስትሮ ውሃ ውስጥ አቁሙ፤ በሌላ ስትሮ በአፉ ላይ አግድም በኃይል ንፉ። ቀስ ብላችሁ ስትነፉስ ውሃው የት ድረስ ይወጣል?